የባለወርቁ በርጩማ

ሱቄን ለመዝጋት ዕቃዬን ስሸጥ ሁሉም ነገር ፈላጊ አገኘ። መስፉን፣ መዶሻዎቹን፣ ሚዛኑንና ጉጠቱን አንድ የማርቆስ ወርቅ ሠሪ ጠቅልሎ ወሰደልኝ። የተረፈው አንድ በርጩማ ብቻ ነው፤ ሦስት እግር ያለው፣ ከወይራ የተጠረበ፣ ከተቀማጭ ብዛት መሐሉ የጎደጎደ። ሰውዬው በእግሩ ገፋ አደረገና «ይህንስ ምን ላድርገው?» አለኝ። «ዛሬ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ሀብሉም ቀለበቱም ከአዲስ አበባ ተሠርቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣ።» እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እኔ ለመናደድ ብዙ አያስፈልገኝም። ሚስቴ «አንተኮ እንደ ወናፍህ ነህ፤ ጫን ሲሉህ ትነፋለህ» ትለኛለች። በርጩማውን አንሥቼ ቤቴ አስገባሁት።

ጡረታ ያወጣኝ ዓይኔ ነው። ቢቸና ላይ ሱቅ የከፈትኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው፤ እዚያው ሸበትኩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የጉትቻ ሽቦ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ሁለት ሽቦ የሚያይ አንጥረኛ የትኛውን እንደሚበይድ በምን ያውቃል? ሐኪሙ መነጽር ሰጠኝ፤ መነጽሩ መዝሙረ ዳዊት ያስደግማል እንጂ ወርቅ አያሠራም። ስለ ንግድ ፈቃዱና ስለ ግብሩ አላወራም፤ እሱን ያልቀመሰ ነጋዴ የለም። ማውራት የምፈልገው ስለዚያ በርጩማ ነው።

በርጩማውን ያስለመዱኝ ሞጣ ላይ ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። አባቴ ማረሻና ማጭድ ቀጥቃጭ ነበር፤ «ብረት ወገብ ይቆርጣል፣ ወርቅ ቢያንስ ቀላል ነው» ብሎ ለእሳቸው ሰጠኝ። ጋሽ ኢድሪስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰው ነበሩ። እስላም ሆነው የሞጣን ክርስቲያን የአንገት መስቀል የሚሠሩ እሳቸው ነበሩ፤ «እኔ እሠራለሁ፣ ቄሱ ይባርካል፣ እናንተ ታጠልቃላችሁ፤ ሁላችንም እንጀራችንን እንበላለን» ይሉ ነበር።

ሕጋቸው ብዙ ነው። እሳት ከመነሣቱ በፊት መስፉ ዙሪያ ነጭ ነጠላ ይነጠፋል። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቀለላል። ወርቅ ይዞ የመጣው ሰው በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ወርቁንም በገዛ እጁ ማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ይጥላል። አንጥረኛ ተቀብሎ አይጥልም። ሥራ ሲያልቅ ጋሽ ኢድሪስ እጃቸውን በሳህን ይታጠባሉ፤ ውሃው አይደፋም፣ እስኪጠልል ይቀመጣል። በመጨረሻ ማበጠሪያቸውን ከኪሳቸው ያወጡና ፂማቸውን ነጠላው ላይ ያበጥራሉ። ከፂማቸው የምትረግፈውን ብናኝ ሳይቀር ባለወርቁ እያየ ይሰበስባታል።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን «ሌቦች ነን እንዴ፣ ጋሼ? ፂም እስከ ማበጠር?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ለእነሱ ብዬ መሰለህ?» አሉኝ። «ለአንተ ነው። ክፉ ቀን የመጣ እንደሆነ መሐላህ አያድንህም፤ የሚያድንህ ያየህ ሰው ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የበግ አጥንት አቃጥለው፣ አመዱን አልመው ወቅጠው፣ በውሃ ለውሰው መዳፍ የምታክል ጽዋ ይሠራሉ። ስትደርቅ በጥጥ ጠቅልለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያስቀምጧታል፤ ለቅሶም ሠርግም ሲሄዱ አትለያቸውም። «ጋሼ፣ ይቺን ታቦት መቼ ነው የምናነግሣት?» እያልኩ እስቅባቸዋለሁ። «ወርቅ የታመመ ዕለት» ይሉኛል። ወርቅ ሲታመም አላየሁምና አላመንኳቸውም።

ቢቸና መጥቼ የራሴን ሱቅ ስከፍት ሕጋቸውን ሁሉ ይዤ መጣሁ፤ ከጽዋዋ በቀር። በርጩማውንም ከወይራ አስጠረብኩ። በአገራችን ለአንጥረኛ የሚሰጠውን ስም መቼም ታውቁታላችሁ። ወርቅ አምጥታ እጄን የምታይ ሴት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍንብኛለች፤ ዓይኑ ይበላል ተብሏላ። ሌሊት ጅብ ሆኜ የማድር ከሆነ ጠዋት ሥራ ለመግባት ጉልበቱን ከየት አመጣዋለሁ ብዬ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ የለም። ጉንደ ወይንና ሮብ ገበያ ወርጄ ስሠራም ያው ነው። የሚገርመው ሠርግ ሲደርስ ዓይኔን የሚፈሩት ሁሉ በርጩማዬ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እኔም እየተነጫነጭኩ እሠራላቸዋለሁ።

ወርቅን ሰው ሁለት ጊዜ ይወደዋል፤ አንድ ሲያጌጥበት፣ አንድ ሲቸግረው። ወረቀቱ ብር መንግሥት ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል፤ በማሰሮ ቀብሮ ያቆየ ገበሬ ባዶውን የቀረበትን ጊዜ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ወርቅ ግን ገንዘብ ሆኖ ይመጣና ጌጥ ይሆናል፤ ጌጥ ሆኖ ቆይቶ እህል ሲጠፋ መልሶ ገንዘብ ይሆናል። እኔ እጅ ላይ የሙሽራ ቀለበት በሬ ሆኗል፤ በሬም ጉትቻ ሆኗል። የሰው ደም ሆኖ የመጣ ወርቅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁ።

ከጉንደ ወይን ወዲህ በሁለት ቤተሰብ መካከል በእርሻ ድንበር ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ። ገዳዩ ታሰረ። የሟች ወንድም አንማው ግን «እስር ቤት ደም አያደርቅም» ብሎ ማለ። የማለበት ሰው የገዳዩ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ የጠቡ ዕለት ሉማሜ ገበያ ነበር፤ እጁ የለበትም። ለደም መላሽ ግን ወንድምነቱ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ደሳለኝ ከቤቱ አልወጣም። እርሻውን ጎረቤት አረሰለት፣ ገበያ ሚስቱ ዋለችለት፣ ልጁ ክርስትና ሲነሣ እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። አገር ያውቀዋል፤ እርቅ ካልወረደ ደሳለኝ ሟች ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አለቃቸው አንድ የቅኔ መሪጌታ ነበሩ። ካሳ ሲነሣ የሟች እናት እማማ ይመኙሻል «የልጄን ደም በብር አልበላም» አሉ። ቢለመኑ ቢለመኑ ቃላቸው ያው ነው። ያን ጊዜ የገዳይ እናት እማማ ጥሩነሽ ከአንገታቸው አንድ ነገር ፈትተው ሽማግሌዎቹ ፊት አኖሩ፤ ከእናታቸው የወረሱት የወርቅ ገንዘብ፣ ባንድ ፊቱ የዱሮ ንጉሥ መልክ፣ በሌላው አንበሳ ያለበት። አናቱ ላይ ማተብ የሚያልፍባት ጆሮ ተበይዳለታለች። መሪጌታው ብዙ አሰቡና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው የማላውቀውን ፍርድ ሰጡ። ወርቁ በሁለቱም ወገን ፊት ይቅለጥ። ከአንድ እሳት ሁለት እኩል መስቀል ይውጣ፤ አንዱን የሟች እናት፣ ሌላውን የገዳይ እናት ያጥልቁ። ከወርቁ ቅንጣት አይቀነስ፣ ቅንጣት አይጨመርበት። መስቀሎቹ ሁለቱም አንገት ላይ ከዋሉ ደሙ ደረቀ፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ቀረ።

የገዳይ ወገን እኔን መረጠ፤ እሳቱና መስፉም እኔ ዘንድ ነው። የሟች ወገን እኔን አላመነኝም፤ ምስክር የሚሆን የራሱን አንጥረኛ ከሞጣ ይዞ መጣ። የመጡት ጋሽ ኢድሪስ ናቸው።

ሱቄ እንደዚያ ቀን ጠባ አታውቅም። በግራ ግድግዳ የሟች ዘመዶች፣ በቀኝ የገዳይ ዘመዶች፣ መሐላቸው የእኔ መስፍ። መሪጌታው በትር ውጭ ይቅር ብለው ስላዘዙ አንማው በትሩን በሩ መቃን ላይ አስደገፋት፤ ሸርተት ብትል እጁ ላይ ነው የምትወድቀው። ደሳለኝ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ቤት ከመዋል ብዛት ፊቱ ገርጥቷል፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለል ወለሉን ያያል። ጋሽ ኢድሪስ ሲገቡ ብድግ ብዬ ትከሻቸውን ልስም ስል በዓይናቸው መለሱኝ። ለካ ያን ዕለት የሌላ ወገን ሰው ናቸው። አርጅተዋል።

እጅጌዬን ጠቀለልኩ፤ ነጠላውን አነጠፍኩ። ጋሽ ኢድሪስ ገንዘቡን ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሸት አድርገው በቀረው ቢጫ መስመር ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። መስመሩ አልጠፋም። «እውነተኛ ወርቅ ነው» አሉ። ግራም ቀኝም ተነፈሰ።

ጆሮዋ የናስ ሽቦ ስለሆነች ትውጣ ተባለ፤ ቆርጬ ነጠላው ላይ አኖርኳት። ሥሯ ላይ ግራጫ ነገር ቀረ። በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረግሁትና ቢጫው ብቅ ሲል ተውኩት። ጠልቄ እንዳልሞርድ ቅንጣት አይቀነስ የተባለው ያዘኝ፤ ደግሞም አስተማሪዬ ፊት ነኝ፣ እጄ ቀልጠፍ ብላ እንድትታይ ፈልጌያለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ቀና ስል ጋሽ ኢድሪስ ያን ሥር አትኩረው እያዩ አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት።

እማማ ጥሩነሽ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ነበርና በገዛ እጃቸው ገንዘቡን ሸክላው ውስጥ ጣሉ። ወናፉን ነፋሁ። ንጉሡም አንበሳውም ቀለጡ። ወደ ማፍሰሻው ገለበጥኩትና ጣት የማያክል ዘንግ ሆኖ ረጋ፤ ሲቀዘቅዝ መስፉ ላይ አድርጌ መታሁት።

ደህና ወርቅ ሲመታ አይጮህም፤ እሺ ብሎ ይለጠጣል። ይሄኛው ቀጭ አለ። ጆሮዬን አላመንኩትምና ደገምኩት። ዘንጉ እንደ ደረቅ ቂጣ ለሁለት ተሰበረ።

ከዚያ አንማው ብድግ አለ። «ለወጠው!» አለ። «ወርቅ ይሰበራል? ከመቼ ወዲህ ነው ወርቅ የሚሰበር? አንጥረኛው ለወጠው፤ የእነሱው ሰው አይደል!» እጁ በትሩን ያዘ። የሟች ወገን ሁሉ ተነሣ፤ የገዳይም ወገን ተነሣ። ከወንድ ደሳለኝ ብቻ አልተነሣም። ቁጭ እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ።

ያን የተጨፈነ ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዕድሜ ልኬን በሆነ ባልሆነው ስቆጣ የኖርኩ ሰውዬ፣ መቆጣት በሚገባኝ ቀን ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት። ፈራሁ፤ ለራሴም ለእሱም ፈራሁ።

«ተቀመጡ! በማመልከው በእግዚአብሔር ተቀመጡ!» አሉ መሪጌታው። የተቀመጠ የለም።

ጋሽ ኢድሪስ ወደ አንማው ራመድ አሉ። «ልጄ፣ እኔን ያመጣኸኝ አንተ ነህ። ታምነኛለህ?»

«አምንዎታለሁ።»

«እንግዲያስ ስማኝ። እጅጌው እስከ ክርኑ ነበር፤ አይተሃል። ገንዘቡን የጣሉት እሳቸው ናቸው፣ በእጃቸው። ከጣሉበት ሰዓት ጀምሮ የእኔ ዓይን አልተነቀለም፤ ያንተም አልተነቀለ። አንድ ነገር ወድቆ ቢሆን ነጠላው ላይ ነው። በል መቼ ነው የለወጠው?»

አንማው ነጠላውን አየ። ነጠላው ላይ የተቆረጠችው ጆሮና የሞረድ ብናኝ ብቻ አለ። እጄን አየ። በትሯን አልለቀቃትም፤ ግን አላነሣትምም።

ጋሽ ኢድሪስ ከስብራቱ አንዱን አንሥተው እንደገና ድንጋዩ ላይ አሹት። አሲዱን ጠብ አደረጉ። ቢጫው መስመር ንቅንቅ አላለም። «ያው ወርቅ ነው» አሉ። «ታሟል እንጂ።»

«ወርቅ ይታመማል?» አሉ መሪጌታው።

«እርሳስ ከገባበት ይታመማል። ለዚያውም ጥቂት ይበቃዋል።»

እፎይ ልል ስል ነገሩ ባሰበት። «እርሳስ?» አለ አንማው፤ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ማለቱ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። «ሊያከብዱት ነዋ። በወንድሜ ደም ላይ እርሳስ ቀላቀሉበት።» የሟች ዘመዶች አጉረመረሙ። የካሳ ወርቅ ማጭበርበር ሬሳ ላይ መሳቅ ነው፤ እንዲህ ከተባለ እንኳን መሪጌታው ጳጳስ ቢመጣም አያስታርቅም።

መሪጌታው ወደ ገዳይ ወገን ዞሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ይህ እርሳስ ከየት መጣ?» ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በእውነትም የሚያውቁት ነገር የላቸውም።

ጋሽ ኢድሪስ በርጩማው ፊት ቁጢጥ አሉ። «እናቴ» አሏቸው እማማ ጥሩነሽን፣ «ያቺን ጆሮ ማን በየዳት?»

እማማ ጥሩነሽ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ አይተው አቀረቀሩ። «ተነቅላ ነበር» አሉ። «ገበያ ወስጄ ኩራዝ ሠሪው በየዳልኝ። ኩራዝ በሚበይድበቱ።»

«የወርቅ ገንዘብ ለኩራዝ ሠሪ?» አሉ መሪጌታው። «እዚህ አንጥረኛ ተቀምጦ?»

«እሱን ፈርቼ ነዋ!» እማማ ጥሩነሽ ማልቀስ ጀመሩ። «የእናቴ ነገር ናት። ዓይኑን የጣለባት እንደሆነ ልጆቼን ይበላብኛል ብዬ። ይኸው እኔው በላኋቸው። አንዱን እስር ቤት፣ አንዱን መቃብር አፋፍ አደረስኩት።»

ሌላ ቀን ይህን ያለችኝን ሴት ከነወርቋ ከሱቄ አስወጣት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት፣ አስተማሪዬ ፊት፣ በገዛ ቤቴ። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥኩት። የሴትዮዋ ቃል እውነት መሆኑን የሚያውቅ፣ የሚያስረዳም እኔ ነኝ፤ እኔ ዝም ካልኩ ደሳለኝ አበቃለት። ጎንበስ ብዬ ጆሮዋን ከነጠላው ላይ አነሣሁና ሥሯን በጥፍሬ ፋቅሁት። ጥፍሬ ገባበት። አንማው መዳፍ ላይ አኖርኳት።

«ፋቃት» አልኩት። «ለስላሳ ነው። ኩራዝ ሠሪ እርሳስና ቆርቆሮ ቀላቅሎ ነው የሚበይድ። ለማክበድ ቢሆን ይህን ያህል ይበቃቸዋል? እማማ እውነታቸውን ነው፤ ፈርተውኝ ነው።»

አንማው ፋቃት። ብዙ ጊዜ ፋቃት። ከዚያ ወደ ጋሽ ኢድሪስ ዞሮ «ይድናል?» አላቸው።

ጋሽ ኢድሪስ እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። ጥጡን ሲፈቱ ዓይኔን ከእሳቸው አሸሸሁ፤ ያቺ የሳቅሁባት የአመድ ጽዋ ናት። «ወርቁ በዚች ላይ ሲቀልጥ አመዱ እርሳሱን ይጠጣል» አሉ። «ሚዛኑ ይቀንሳል። የሚቀረው ግን ወርቅ ነው።»

«ቅንጣት አይቀነስ ተብሏል» አለ አንድ ሰው ከግራ በኩል።

«ከወርቁ ነው ያልኩ» አሉ መሪጌታው። «እርሳሱን ማንም አልካሰም።»

ጋሽ ኢድሪስ ጽዋዋን ፍሙ ላይ አደላደሉ፤ እኔ ወናፉን ያዝኩ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ሸሸት ብለው «ባለወርቁ ይጣል» አሉ። እማማ ጥሩነሽ ሁለቱን ስብራት ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ። «አይደለም» አሏቸው። «ቅድም ሲጣል የእርስዎ ነበር። በሽማግሌ ፍርድ አንዴ ቀልጧል፤ አሁን የሁለታችሁ ነው። አንዱን እርስዎ፣ ሌላውን እሳቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ እማማ ይመኙሻል ዞረ። ከገቡ ጀምሮ በጥቁር ነጠላቸው እንደተሸፋፈኑ ናቸው። «አልነካውም» አሉ።

«ባለቤቱ ያልጣለውን ወርቅ አቅልጬ አላውቅም» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። «በስተርጅናም አልጀምርም።»

በልቤ ሰደብኳቸው። እውነቴን ነው፤ ይሄ ሽማግሌ በሰው ነፍስ ላይ ሕግ ያከብራል ብዬ ሰደብኳቸው። እኔ ብሆን ሁለቱንም አፍሼ ጥዬ እገላገል ነበር። ፍሙ ይነዳል፤ አንማው እናቱን ያያል፤ እናቱ ፍሙን ያያሉ።

እማማ ጥሩነሽ ከበርጩማው ተነሡ። በሁለት እጃቸው አነሡትና መሐሉን ተሻግረው እማማ ይመኙሻል እግር ሥር አኖሩት። «ተቀመጪ» አሏቸው። «ቁጭ ብለሽ በዓይንሽ እዪው። እንዳላታልልሽ።»

እማማ ይመኙሻል ከአግዳሚው ወደ በርጩማው ተሸጋገሩ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ደሳለኝን አዩት።

«አንተ» አሉት። «ልጄ የሞተ ዕለት የት ነበርክ?»

«ሉማሜ ገበያ፣ እማማ። በሬ ልሸጥ ወርጄ።»

«በሬው ተሸጠ?»

«አልተሸጠም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው ስብራቱን አነሡና ጽዋዋ ላይ ጣሉት። እማማ ጥሩነሽም የእሳቸውን ከላዩ ጣሉ።

ጋሽ ኢድሪስ በአፍ ቱቦ ይነፉታል፣ እኔ ከሥር ወናፉን እጫናለሁ። ወርቁ ድቡልቡል ብሎ ቀለጠ፤ ላዩ ላይ እንደ ሞራ ያለ ነገር ይዞራል። ጽዋዋ ዳር ዳሯ ጠቆረ። የጋሽ ኢድሪስ ላብ ፂማቸው ላይ ይወርዳል፤ እስትንፋሳቸው ያጥር ጀመር። ቱቦውን ስጡኝ ብዬ እጄን ብዘረጋ በክርናቸው ገፉኝ። ድንገት ሞራው ተገፈፈ። ወርቁ አንዴ ብልጭ አለና ፀጥ ብሎ ረጋ።

«ዳነ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «በል ምታው።»

መዶሻ ማንሣት ያን ቀን ከበደኝ። ቢሰበር የሚሆነውን አውቃለሁ። መታሁት፤ ዝም አለ። ደገምኩት፤ ተለጠጠ። ሦስተኛውን ሳልመታ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰው አብዷል ሳይለኝ አልቀረም። ሁለቱን መስቀሎች ቆርጬ ስመዝን አንማው ሚዛኑ ላይ ተደፍቶ አየ፤ የሚዛኑ ምላስ መሐል ላይ ቆመች። የእናቱን መስቀል በማተባቸው ያሰረላቸው እሱ ነው። ከዚያ በትሩን አንሥቶ ደሳለኝን ሳያየው ወጣ። መሪጌታው «ይበቃል፤ ሌላውን ጊዜ ይጨርሰዋል» አሉ። ደሳለኝ መጨረሻ ወጣና ፀሐዩ ላይ ቆመ፤ በየት በኩል እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል ነበር።

ሰው ሲበተን ጋሽ ኢድሪስ እጃቸውን ታጠቡ፣ ፂማቸውን ነጠላው ላይ አበጠሩ። ከዚያ ነው አቅፈው የሳሙኝ። «ያን ሥር ጠልቀህ ብትሞርደው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉኝ።

«አይተው ኖሮ ለምን አልነገሩኝም?»

«የእነሱ ምስክር ነበርኩ። ሥራህ ውስጥ እጄን ባስገባ ኋላ ማን ያምነኝ ነበር?»

በዚህም ተናደድኩ። ጽዋዋ እርሳስ ጠጥታ አገልግሎቷን ጨርሳ ነበርና በሳምንቱ የበግ አጥንት አቃጥዬ የራሴን ሠራሁ። ጋሽ ኢድሪስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ፤ ሞጣ ሄጄ እንደ ልጅ ቀበርኳቸው። ጽዋዬ ከኪሴ አልተለየችም፤ ሁለተኛ ግን የታመመ ወርቅ አልገጠመኝም።

ዕቃዬን ከመሸጤ በፊት በመጨረሻው የገበያ ቀን አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በሰው ክንድ ተደግፈው ገቡ። እማማ ይመኙሻል ናቸው። የደገፋቸው ደሳለኝ ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። አንማው አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ከቀረ ወዲህ ገበያ የሚያመላልሳቸው ደሳለኝ መሆኑን ሰው ነግሮኝ ነበር፤ በዓይኔ ግን አላየሁም። የመስቀላቸው ጆሮ ማተቡ እየሞረዳት ሳስታ ተበጥሳለች።

«ይቺን አያይዝልኝ» አሉ።

እኔ ልማዴ ነውና በርጩማውን ሳብ አደረግሁላቸው። «ይቀመጡ እማማ፤ እሳት ላነሣ ነው።»

«ምን ልሠራ?» አሉኝ። «ገበያው ሳይበተን ጨውና በርበሬ ልግዛ እንጂ። በል ደሳለኝ፣ ያዘኝ።»

መስቀሉን መስፉ ላይ ትተውልኝ ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እጃቸውን ክንዱ ውስጥ አግብተው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ ደሳለኝ በሌላ እጁ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዟል።

ተመልሼ ገባሁ። በርጩማው ባዶ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወርቁን ትቶልኝ የሄደ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። ነጠላውን አነጠፍኩ፣ እጅጌዬን ጠቀለልኩ፣ ዓይኔ አንዱን ሁለት እያደረገ ቢያስቸግረኝም በደህና ወርቅ በየድኩላቸው። ሲያልቅ እጄን በሳህን ታጠብኩ። ከዚያ ማበጠሪያዬን አወጣሁና፣ የሚያየኝ ሰው ሳይኖር፣ ፂሜን ነጠላው ላይ አበጠርኩ።